«ፓር ካርት ወይስ አን ሊኪድ?» — ሊዮን ከተማ ውስጥ ሂሳብ መክፈል

የፈረንሳይዋ ሊዮን የሁለት ወንዞች ከተማ ናት። ሮንና ሶን የሚባሉት ወንዞች ከተማዋን ሰንጥቀው ካለፉ በኋላ በስተደቡብ ይገናኛሉ። በሁለቱ መካከል ክሩዋ ሩስ የሚባል ኮረብታ አለ። ድሮ የሐር ሸማኔዎች ሠፈር ነበር። የቤቶቹ ጣሪያ ዛሬም ከፍ ያለ ነው፤ ረጃጅሞቹ የሽመና ዕቃዎች ቆመው እንዲገቡ ተብሎ የተሠራ ነው። ወደ ኮረብታው የሚወጣው ባቡር ዳገቱን የሚቧጥጥበት ጥርስ ያለው ሐዲድ አለው። ከላይ ሲደርሱ ሰፊ ጎዳና አለ፤ በጎዳናው ላይ ከሰኞ በስተቀር በየቀኑ ጠዋት ገበያ ይቆማል። ቲማቲሙ፣ አይቡ፣ ዓሣው፣ አበባው በመስመር ተደርድሮ ይውላል።

ልጄ የምትኖረው እዚህ ሠፈር ነው። ሁለተኛ ልጇን ስትወልድ ላርሳት ሄጄ ሦስት ወር ቆየሁ። የገብስ ዱቄት፣ አብሽና በርበሬ በሻንጣዬ ይዤ ነበር። ገንፎውን ማገንፋት፣ ሕፃኑን ማጠብ፣ እናቱን ማሳረፍ የማውቀው ሥራ ነው፤ ቋንቋም አይጠይቅም። ከበር ውጪ ያለው ግን ሌላ ነው። ልጄ «እማዬ፣ የሚያስፈልግሽን ሁሉ እኔ አመጣለሁ፤ አንቺ አትውጪ» አለችኝ። ሆኖም አራስ ናት። ባሏ ማለዳ ወጥቶ ማታ ነው የሚገባው። ዳቦና ወተት ባለቀ ቁጥር ሕፃን አቅፋ ደረጃ ልትወርድ ነው ማለት ነው። እኔ የመጣሁት ደግሞ ይህን እንዳታደርግ ነበር።

ስለዚህ የሰባት ዓመቷን የልጅ ልጄን ይዤ መውጣት ጀመርኩ። ልጅቷ ፈረንሳይኛው የአፍ መፍቻዋ ነው። ካሸሯ የምትጠይቀውን ለእኔ ትነግረኛለች፣ እኔ ያልኩትን ለካሸሯ ትመልሳለች። መጀመሪያ ደስ ብሏት ነበር። በሁለተኛው ሳምንት ግን አንድ ነገር አየሁ። ካሸሯ የምታናግረው እሷን ብቻ ሆነ፤ እኔ ከጀርባ የቆምኩ ዕቃ መሰልኩ። ከኋላችን የተሰለፈው ሰው ሲበዛ ልጅቷ ቀይ ትሆናለች፤ ድምጿ ይቀንሳል፤ ዓይኗ መሬት ይወርዳል። በውጭ አገር ያሉ ቤተሰቦቻችን ይህን ያውቁታል። ሐኪም ቤት፣ ባንክ፣ ቀበሌ መሰል ቢሮ ሁሉ ልጅ ይዞ መሄድ የተለመደ ነው። ልጁ የአዋቂ ጉዳይ ተሸክሞ ያድጋል፤ አዋቂው ደግሞ በልጁ ፊት ያንሳል። የልጅ ልጄ እጄን ትያዝልኝ እንጂ አፍ እንድትሆነኝ አልፈለግሁም።

ማታ በወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ሱቅ ከፈትን። ምስሩን በስኒ፣ ድንቹን በሣህን ደረደርን። እሷ ካሸር፣ እኔ ገዢ ሆንን። የመጀመሪያው ትምህርት ስለ ገንዘብ አልነበረም። «ቦንዡር ማዳም ካላልሽ አይሸጡልሽም» አለችኝ። እውነቷን ነው። ፈረንሳይ አገር ሱቅ ገብቶ ሰላም ሳይሉ «ስንት ነው?» ማለት ነውር ነው። ይህ ለእኛ ከባድ አይደለም፤ እኛም ጤና ይስጥልኝ ሳንል ነገር አንጀምርም። ወንድ ከሆነ «ቦንዡር መስዬ» ነው። አባቶቻችን ነጩን ሰው «ሙሴ» ሲሉት የነበረው ይኸው ቃል ነው።

እኔ የድሬዳዋ ልጅ ነኝ። አባቴ የምድር ባቡር ሠራተኛ ነበር። ባቡሩ ከጅቡቲ ድሬዳዋ የደረሰው እ.ኤ.አ. በ1902 ነው፤ ከዚራን የመሰለ ባለ ዛፍ ሠፈር ያቆመልንም የፈረንሳዮቹ ኩባንያ ነው። አዲስ አበባ «ለገሃር» የምንለው ስም «ላ ጋር» ከሚለው ቃል የመጣ ነው፤ ባቡር ጣቢያ ማለት ነው። በኪሳችን ያለውም ሳንቲም ከፈረንሳይኛ የተወሰደ ነው። የብር መቶኛ የምንለውን ፈረንሳዮቹ ድሮ የፍራንክ፣ ዛሬም የዩሮ መቶኛ ይሉበታል። የልጅ ልጄ «ሳንቲም» ስል ሰምታ «እማማ፣ ፈረንሳይኛ ታውቂያለሽ!» ብላ ጮኸች።

ከዚያ ወደ ቁም ነገሩ ገባን። ካሸሯ ዕቃውን ቆጥራ ስትጨርስ «ሳ ፌ» ትልና ዋጋውን ትናገራለች፤ ይህን ያህል ሆነ ማለቷ ነው። ቀጥላ «ቩ ፔዬ ኮማን?» ትላለች፤ በምን ይከፍላሉ? ጨዋነት የሚሻ ቦታ፣ ሐኪም ቤት ወይም ጥሩ ሱቅ ከሆነ «ቩ ሬግሌ ኮማን?» ይባላል። የመጀመሪያው መክፈል ነው፤ ሁለተኛው ሂሳብ መዝጋት እንደምንለው ነው። መልሱ ሦስት ዓይነት ነው። በካርድ ከሆነ «ፓር ካርት»፤ በቼክ ከሆነ «ፓር ሼክ»፤ በጥሬ ገንዘብ ከሆነ «አን ኤስፔስ» ወይም «አን ሊኪድ»። በአማርኛ ለሦስቱም አንዲት «በ» ትበቃናለች። በፈረንሳይኛ ለካርዱና ለቼኩ «ፓር»፣ ለጥሬው «አን» ነው። ጥሬውን ገንዘብ «ሊኪድ» ማለታቸው አስቆኛል፤ ፈሳሽ ማለት ነው። እኛ ጥሬ እንላለን፣ እነሱ ፈሳሽ ይላሉ። ሁለታችንም የወጥ ቤት ቋንቋ ተበድረናል።

ገንዘብ በጠቅላላው «አርዣን» ይባላል። ቃሉ ብር የተባለውን ማዕድንም ይጠራበታል። ይህን ስሰማ ምስሩን ትቼ ለልጅቷ የማርትሬዛን ታሪክ አጫወትኳት። አያቶቻችን በብር የተሠራ ጠገራ ይገበያዩ ነበር፤ ዛሬ የወረቀቱን ገንዘብ «ብር» የምንለው ለዚህ ነው። ሁለት ሩቅ አገሮች ገንዘባቸውን በአንድ ማዕድን ስም ጠሩት።

ተጠንቅቆ መያዝ ያለበት ቃል «ሞኔ» ነው። ቃሉን የሰማ ሰው ገንዘብ ይመስለዋል። በገበያ ውስጥ ግን ዝርዝር ወይም መልስ ማለት ነው። «ቩዛቬ ደ ላ ሞኔ?» ካለች ዝርዝር አለዎት ወይ ማለቷ ነው። «ቩዛቬ ላፕዋን?» ካለች ደግሞ ልክ ዋጋውን ሳይበዛ ሳያንስ ይዘዋል ወይ ብላ ነው። ይህ ተራ ልመና አይደለም፤ በፈረንሳይ ሕግ ልኩን ይዞ መምጣት የከፋዩ ኃላፊነት ነው። በሌላ በኩል ሻጩ ሕጋዊ የሆነን ጥሬ ገንዘብ «በካርድ ካልሆነ አልቀበልም» ብሎ መመለስ አይፈቀድለትም። ነገር ግን በአንድ ክፍያ ከ50 በላይ ሳንቲም እንዲቀበል አይገደድም። የአገሩ ነዋሪ ለነጋዴ በጥሬ ገንዘብ መክፈል የሚችለውም እስከ 1,000 ዩሮ ድረስ ነው።

ከሁሉ የከበደው ቁጥሩ ነበር። ፈረንሳዮች እስከ ስድሳ ድረስ እንደ ሰው ይቆጥራሉ። ከዚያ በኋላ ሂሳብ ይጀምራል። ሰባ ሲሉ «ሷሳንት ዲስ» ነው፤ ስድሳ አሥር። ሰማንያ «ካትር ቫን» ነው፤ አራት ሃያ። ዘጠና «ካትር ቫን ዲስ» ነው፤ አራት ሃያ ከአሥር። ካሸሯ ሰባት ዩሮ ከዘጠና አራት ሳንቲም ለማለት «ሴት ኧሮ ካትር ቫን ካቶርዝ» ትላለች፤ ሰባት ዩሮ፣ አራት ሃያ ከአሥራ አራት። ሰባት በፈረንሳይኛ «ሴት» መባሉ ልጅቷን እስከ ዛሬ ያስቃታል። ጎረቤቶቻቸው ቤልጅጎችና ስዊሶች ግን ሰባን «ሴፕታንት»፣ ዘጠናን «ኖናንት» ብለው ተገላግለዋል።

ተራው የእኔ ሆነ። «በእኛ ቋንቋ ሰባ ራሱን የቻለ ስም አለው» አልኳት። ሰባ፣ ሰማንያ፣ ዘጠና፣ መቶ። አፏን ከፍታ አዳመጠችኝ። እስከዚያ ቀን አማርኛ ለእሷ እናቷ ስትቆጣ የምትናገረው ቋንቋ ነበር። አሁን ፈረንሳይኛ ያላቀለለውን ያቀለለ ቋንቋ ሆኖ አገኘችው። ስምምነት አደረግን፤ ለእያንዳንዱ የፈረንሳይኛ ቁጥር አንድ የአማርኛ ቁጥር እከፍላታለሁ። ዱቤ የለም።

ብቻዬን የወጣሁት በአራተኛው ሳምንት ማክሰኞ ጠዋት ነው። መጀመሪያ ገበያው ላይ ሞከርኩ። እዚያ ሻጩ አንዱን ዕቃ መዝኖ ሲሰጥ «ኤ አቬክ ሰሲ?» ይላል፤ ከዚህ ጋርስ ምን ልጨምር? ካበቁ «ስ ሰራ ቱ» ይባላል። ከዚያ «ዥ ቩ ድዋ ኮምብየን?» ብለው ይጠይቃሉ፤ ስንት አለብኝ? እንደ ማለት ነው። የከፊራ ገበያን ለምናውቅ አንድ ነገር ይጎድላል፤ ክርክር የለም። ዋጋው በትንሽ ሰሌዳ ተጽፎ ተሰክቷል። «ቀንስልኝ» የሚል ሰው አልሰማሁም። ግን ወደ እኩለ ቀን፣ ድንኳኑ ሊነሳ ሲል፣ ሻጮቹ ራሳቸው ዋጋ እየቀነሱ ይጣራሉ። የቀረውን ሸጦ መግባት በየትኛውም አገር ያው ነው።

ቀጥዬ ዳቦ ቤት ገባሁ። መስታወቱ ላይ ካርድ ከዚህ ዋጋ በታች አንቀበልም የሚል ወረቀት ነበር፤ ትንንሽ ሱቆች አስቀድመው ካሳወቁ ይህን ማድረግ ይችላሉ። «ቦንዡር ማዳም» አልኩ፣ ዳቦዬን አዘዝኩ፣ ልኩን ቆጥሬ ሰጠሁ። ሴትየዋ ዓይኔን እያየች አመሰገነችኝ። ቀላል ነገር ነው። ነገር ግን ለስድስት ኪሎ ሜትር ተጉዤ ውኃ የቀዳሁ ያህል ደስ አለኝ።

ካርዱን የለመድኩት ከዚያ በኋላ ነው። ፈረንሳዮች የባንክ ካርድን «ካርት ብለ» ይሉታል፤ ሰማያዊ ካርድ። ይህ ስም የወጣው እ.ኤ.አ. በ1967 ባንኮቹ በጋራ ባወጡት ካርድ ነው። ዛሬ ካርዱ ጥቁርም ወርቃማም ሊሆን ይችላል፤ ስሙ ግን ሰማያዊ እንደሆነ ቀርቷል። ማሽኑን ሳይነኩ ካርዱን ጠጋ አድርጎ መክፈል «ሳን ኮንታክት» ይባላል፤ በዚህ መንገድ በአንድ ጊዜ የሚከፈለው እስከ 50 ዩሮ ነው። ከዚያ ካለፈ፣ አልፎ አልፎም ሳያልፍ፣ ማሽኑ የሚስጥር ቁጥር ይጠይቃል። ቁጥሩ ትክክል ከሆነ «ኮድ ቦን» የሚል ጽሑፍ ይወጣል። ካሸሯ በመጨረሻ «ቩ ቩሌ ለ ቲኬ?» ትላለች። ከእ.ኤ.አ. ነሐሴ 2023 ጀምሮ ደረሰኝ ሳይጠየቅ አይታተምም፤ ወረቀት ለመቆጠብ ነው። እኛ አዛውንቶች ግን ዓይናችን ያየውን ነው የምናምነው። «ዊ፣ ሲል ቩ ፕሌ» ብዬ ሁልጊዜ እቀበላለሁ፤ ማታ ለልጄ ቆጥሬ አስረክባለሁ።

እዚህ ላይ ሳላነሳው የማላልፈው ነገር አለ። በኪሴ ያለው ገንዘብ የልጄ ነው። ተማሪ ሳለች ጠዋት ጠዋት ስሙኒ ወይም ሽልንግ የምቆጥርላት እኔ ነበርኩ። አሁን ሰኞ ሰኞ በቡናው ረከቦት ሥር ዩሮ አስቀምጣ ትሄዳለች፤ በእጄ አትሰጠኝም። እንዳላፍር ብላ እንደሆነ ገባኝ። እኔም አንድ ቀን ጠርታ «እማዬ፣ በቃሽ ወይ?» እንዳትለኝ እየቆጠብኩ ነበር። አንዱን ማታ አስቀመጥኳትና «በእጄ ስጪኝ፣ እኔም እመርቅሻለሁ» አልኳት። አለቀሰች። ከዚያ በኋላ ሰኞ ሰኞ በእጇ ትሰጠኛለች፣ እኔም እመርቃታለሁ። ወላጅ ከልጁ ሲቀበል ባዶ እጁን አይደለም፤ ምርቃት አለው።

በዚያው ሕንጻ ሁለት ፎቅ ዝቅ ብሎ አንዲት ሰማንያ ዓመት ያለፋቸው ባልቴት ይኖራሉ። ሱፐርማርኬት ውስጥ ከፊቴ ተሰልፈው ቼክ ሲከፍሉ አየኋቸው። ካሸሩ ቼኩን ወደ ማሽን አስገብቶ አሳተመው፤ እሳቸው ፈረሙበት። ፈረንሳይ ውስጥ ቼክ ከተጻፈበት ቀን ጀምሮ ለአንድ ዓመት ከስምንት ቀን ይሠራል፤ አሮጊቶችና ሐኪሞች እስካሁን አልተዉትም። ከኋላ ያሉት ወጣቶች በትዕግሥት ማጣት ይንቆራጠጡ ነበር። እኔ ፈገግ አልኩላቸው፤ ጓደኝነታችን በዚህ ተጀመረ። ሴትየዋ ዛሬም ቤት ተሸጠ ሲባሉ በልባቸው ወደ ፍራንክ ይመነዝራሉ። ዩሮ በእጅ የተያዘው እ.ኤ.አ. በ2002 ነው፤ አንድ ዩሮ ስድስት ፍራንክ ተኩል ያህል ነበር። ከዚያ በፊት ደግሞ በ1960 አንድ መቶ አሮጌ ፍራንክ አንድ አዲስ ፍራንክ ሆኗል። ስለዚህ ሁለት ጊዜ ተመንዝረዋል። ለልጅ ልጆቻቸው ገንዘብ ሲሰጡ «ዴ ሱ» ይላሉ። «ሱ» ድሮ የአምስት ሳንቲም ስም ነበር። እኔም ስለ ስሙኒና ስለ ሽልንግ ነገርኳቸው፤ ተግባባን።

ምግብ ቤት ውስጥ ያየሁት ሌላ ነው። ልጄና ባሏ ከጓደኞቻቸው ጋር ራት ሲጋብዙኝ ተመገብን፣ ተሳሳቅን። «ላዲሲዮን» የሚባለው ሂሳብ ሲመጣ ሁሉም የየራሱን ካርድ አወጣ። አስተናጋጁ እየዞረ ከእያንዳንዱ ተቀበለ። እኛ ጋ ቢሆን ሦስት ሰው ተነስቶ ይታገል፣ አንዱ «በእግዜር ይዤሃለሁ» ይል፣ ሌላው አስቀድሞ ከፍሎ ይገኝ ነበር። አማቼ ፊቴን አይቶ «እማማ፣ እዚህ ይህ የንፉግነት ምልክት አይደለም፤ ማንም በማንም ላይ ዕዳ ሳይተው ስለሚለያይ በሚቀጥለው ሳምንትም ተመልሶ ይገናኛል» አለኝ። ጉርሻውም «ፑርብዋር» ነው፤ ቃል በቃል መጠጫ ማለት ነው። የአገልግሎት ዋጋ በምግቡ ዋጋ ውስጥ ስለሚካተት መተው ግዴታ የለም፤ ደስ ያለው ሰው ጥቂት ሳንቲም ይተዋል።

ግን እነሱም ይጋበዛሉ። «ሴ ምዋ ኪ ቩዛንቪት» ይላሉ፤ የምጋብዝዎ እኔ ነኝ። በአማርኛ «ልጋብዝህ» ስንል ጠራሁህም ከፈልኩልህም ማለታችን እንደሆነ ሁሉ፣ የእነሱም «አንቪቴ» ሁለቱንም ይይዛል። ይህን ቃል ከሰሙ ቦርሳዎን አይክፈቱ። ባልቴቷ አንድ ከሰዓት ቡና ቤት ወስደው እንዲህ አሉኝ፤ ቡናና የሊዮንን ቀይ የለውዝ ኬክ ጋበዙኝ። ልሄድ አምስት ቀን ሲቀረኝ እኔ በራቸውን አንኳኳሁ። ያንኑ ዓረፍተ ነገር አልኳቸው። ሂሳቡን ጠራሁ፣ «አን ኤስፔስ» ብዬ ከፈልኩ፣ መልሱን ተቀብዬ ጥቂት ሳንቲም ለአስተናጋጇ ተውኩ። በሦስቱ ወር ውስጥ ሰው ቤት የሰነበትኩ እንግዳ መሆኔ ቀርቶ ሰው የምጋብዝ ሰው የሆንኩት በዚያች ሰዓት ነው።

ለጉዞ ለምትዘጋጁ ወላጆችና አያቶች ጥቂት ልበል። የሸንገን ቪዛ ስታወጡ ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን የሕክምና ኢንሹራንስ ይጠየቃል፤ ወረቀቱን ከእጃችሁ አትለዩት። ፋርማሲ ውስጥ «ካርት ቪታል» ብለው ከጠየቋችሁ የባንክ ካርድ ማለታቸው አይደለም፤ የአገሩ ነዋሪ የሚይዘው አረንጓዴ የጤና ካርድ ነው። እንግዳ ስለማይኖረው የመድኃኒቱን ዋጋ ከፍሎ ደረሰኙን ለኢንሹራንሱ ያስቀምጣል። ልጆቻችሁ ኪራይና መብራት «ፕሬሌቭማን» ነው ካሏችሁ በየወሩ ከባንካቸው በራሱ ይቆረጣል ማለት ነው፤ «ቪርማን» ካሉ ደግሞ እኛ በቴሌብር እንደምንልከው ከሒሳብ ወደ ሒሳብ ይላካል። ትንንሽ የወረቀት ገንዘብና ዝርዝር ያዙ፤ ለዳቦና ለገበያ ይጠቅማል። የሚስጥር ቁጥራችሁን ስትነኩ በሌላው እጅ ሸፍኑ፤ ማንም አይቆጣም።

ለልጆች ደግሞ ይህን እላለሁ። እናታችሁን ወይም አባታችሁን ስታስመጡ ሁሉን ነገር አትግዙላቸው። አሥር ዓረፍተ ነገር በትልቅ ፊደል በአማርኛ ጻፉና በኪሳቸው አኑሩላቸው። ቅዳሜ አብራችሁ ወጥታችሁ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ቁሙ። ልጃችሁን አስተርጓሚ አታድርጉት፤ ይልቅ ማታ ማታ አስተማሪ አድርጉት፣ ተማሪም ይሁን።

አሁን ድሬዳዋ ነኝ። እሑድ እሑድ በስልክ እንገናኛለን። የልጅ ልጄ ሕፃኑን አጠገቧ አስቀምጣ የቤት ሥራዋን ታነብልኛለች። ባለፈው እሑድ የእናቷን የገበያ ደረሰኝ ይዛ መጣች። ዋጋውን አንድ በአንድ በአማርኛ ጠራችልኝ፤ ሰባ ሁለት ላይ አላቆመችም፣ ዘጠና ስምንት ላይም አልተሰናከለችም። ድምሩን ስትነግረኝ እኔም በፈረንሳይኛ ደገምኩላት። ልክ ነበርን።